ሦስቱ ጅሎችና የእኛ ልጆች

ከሰው ጋር ረጅም መንገድ መሄድ ያስቃል፤ ያጣላልም። አንዱ መስኮቱ ይከፈት ሲል ሌላው ብርድ መታኝ ይላል። አንዱ ዘፈን ክፈቱልኝ ሲል ሌላው ልተኛበት ይላል። አንዱ በየከተማው ሻይ ካልጠጣሁ ሲል ሌላው ሳይመሽ እንግባ እያለ ሰዓቱን ያያል። ፊልም ሠሪዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የማይመሳሰሉ ሰዎችን አንድ መኪና ውስጥ አስገብተው በሩን ይዘጉባቸዋል፤ ሳቁ ከዚያ በኋላ በራሱ ይመጣል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ስቲቭ ማርቲንንና ጆን ካንዲን ለበዓል ቤት ለመድረስ በአውሮፕላን፣ በባቡርና በመኪና ሲንከራተቱ አሳይተው ብዙ ሰው አስቀዋል። እኔ ግን ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ የህንድ ፊልም ነው። ምክንያቱም ይኼኛው ከሳቁ ሥር ለእኛ ለወላጆችና ለአያቶች የተላከ መልእክት አለው።

ፊልሙ «ስሪ ኢዲየትስ» ይባላል፤ «ሦስቱ ጅሎች» እንደማለት ነው። ያዘጋጀው ራጅኩማር ሂራኒ ሲሆን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ላይ ነው። የእኔ እኩዮች ለህንድ ፊልም እንግዳ አይደላችሁም። መርካቶ ሲኒማ ራስ ተሰልፈን ቲኬት የቆረጥን፣ ቋንቋውን ሳንሰማ ከተዋናዮቹ ጋር አልቅሰን የወጣን ብዙ ነን። በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩንም የህንድ መምህራን ነበሩ። ስለዚህ ፊልሙ ሩቅ አገር ቢሠራም ነገሩ ሩቅ አይደለም። እኔ ያየሁት ዊንጌት አካባቢ በሚገኘው ቤታችን፣ ከልጄና 12ኛ ክፍል ከሚማረው የልጅ ልጄ ጋር ነው። በፍላሽ ያመጣው ልጁ ነው። ንግግሩ በሂንዲ ስለሆነ ከሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበ ይተረጉምልን ነበር። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ የሚቀረው ፊልም ነውና ቡናም ተፈልቶ፣ ቆሎም ቀርቦ ነው የታየው።

ታሪኩ የሚጀምረው በስልክ ጥሪ ነው። ፋርሃን የተባለው ሰው አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ስልክ ይደወልለታል፤ የጠፋው የኮሌጅ ጓደኛው ራንቾ ሊገኝ ነው ይባላል። ፋርሃን የታመመ መስሎ ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ አውሮፕላኑም በእሱ ምክንያት ይመለሳል። ከዚያ ራጁ ወደተባለው ጓደኛው ቤት ይሮጣል፤ ራጁም ከመቸኮሉ የተነሳ ሱሪውን ሳይለብስ ይወጣል። ስልኩን የደወለው ሦስተኛው ሰው ግን ጓደኛቸው አይደለም። ቻቱር ይባላል፤ በኮሌጅ ሳሉ ሸምድዶ አንደኛ ለመውጣት ሌት ተቀን ሲጥር የነበረ፣ እነሱም ሲያሾፉበት የኖሩ ልጅ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት «በዚህ ቀን እንገናኝ፤ ማን እንደተሳካለት ያኔ እናያለን» ብሎ ቀጠሮ ይዞ ሄዷል። አሁን ከአሜሪካ የቤቱንና የመኪናውን ፎቶ ይዞ መጥቷል። ሦስቱ አንድ መኪና ውስጥ ገብተው ራንቾን ፍለጋ መጀመሪያ ወደ ሺምላ፣ ቀጥሎም በተራራ መንገድ እስከ ላዳክ ይጓዛሉ። የኮሌጁ ታሪክ በየመንገዱ እየተቆራረጠ ይነገራል።

ራንቾን የሚጫወተው አሚር ካን ነው። ፊልሙ ሲሠራ ዕድሜው ከ40 በላይ ነበር፤ ግን የኮሌጅ ተማሪ ሆኖ ሲያዩት ማንም አይጠራጠርም። ራንቾ ያገኘውን ማሽን ሁሉ እየፈታ የሚገጥም፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ፣ ለውጤት ሳይሆን ለማወቅ የሚማር ልጅ ነው። የኮሌጁ ኃላፊ ደግሞ ተማሪዎቹ «ቫይረስ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት ሰው ነው፤ ሕይወት ሩጫ ነው፣ ካልሮጥክ ትረገጣለህ እያለ ያስተምራል። እኛም ቤት ይህ ንግግር አዲስ አይደለም። «የእገሌ ልጅ እንዲህ አመጣ» የማንል ማን ነን? አባቶቻችን ግን «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ብለዋል። ልጁ በራሱ መንገድ ከሄደ ማን ይቀድመዋል?

ለወላጅ የሚያስፈልገው ትልቁ ነገር ያለው በፋርሃንና በራጁ ቤት ነው። ፋርሃን በተወለደባት ደቂቃ አባቱ «ኢንጂነር ይሆናል» ብለው ወስነዋል። ልጁ ግን የሚወደው የዱር አራዊትን ፎቶግራፍ ማንሳት ነው። ለሚያደንቀው ፎቶ አንሺ ሊሠራ እንደሚፈልግ ደብዳቤ ጽፏል፤ ግን አባቱን ስለሚፈራ ፖስታ ቤት ሳያደርሰው ዓመታት አልፈዋል። የራጁ ቤት ደግሞ ድሃ ነው። አባቱ ሽባ ሆነው ተኝተዋል፤ እህቱ ጥሎሽ ባለመገኘቱ ሳታገባ ቀርታለች፤ እናቱ ስለ ኑሮ ውድነት ሳያነሱ እንጀራ አያቀርቡም። ስለዚህ ራጁ ፈተና ሲደርስ በየጣቱ ቀለበት ያስራል፣ በየምስሉ ፊት ይንበረከካል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። የሚፈራው ፈተናውን አይደለም። ከወደቀ ያ ቤተሰብ አብሮት እንደሚወድቅ ነው የሚፈራው። ስንቱ የእኛ ልጅ ነው «አንተ ነህ ተስፋችን» በሚል ቃል ጫንቃው ጎብጦ ፈተና የሚገባው!

ፋርሃን በመጨረሻ አባቱ ፊት ቁጭ ብሎ እውነቱን ይናገራል። አይጮህም፣ አይዝትም። አባትዬው ሲቆጡ ቆይተው፣ ለልጃቸው የገዙትን ላፕቶፕ መልሶ ጥሩ ካሜራ እንዲገዛበት ይነግሩታል። እዚህ ላይ የልጅ ልጄ መተርጎም አቆመ፤ የሚተረጎም ነገርም አልነበረም። ልጄ የያዘውን የቡና ሲኒ አስቀምጦ ዝም አለ።

ዝም ያለበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የልጅ ልጄ እጁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው፤ የተቃጠለውን ሽቦ ለይቶ ቀይሮ ከማሰፊያው ጋር አስተካክሎ ይመልሳል። አባቱ ባንክ ነው የሚሠራው፤ ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት ይመኛል። ምክንያቱ ደግሞ እኔ ነኝ። «እማዬ በነርስነት ይህን ሁሉ ዘመን ካገለገለች ልጄ ዶክተር ቢሆን ምን ያንሰዋል?» ይላል። ልጁ ግን ቤታችን አጠገብ ያለው ጄኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ ኤሌክትሪክ መማር ይፈልጋል። በቤታችን ይህ ነገር ሲነሳ እራት ላይ ድምፅ ይጠፋል።

እኔ በጤና ሥራ ውስጥ እንደኖረ ሰው የማውቀውን ልንገር። ወዶ የገባበት ሐኪምና ተገፍቶ የገባበት ሐኪም አልጋው አጠገብ ሲደርሱ ይለያሉ። የመጀመሪያው ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ በሽተኛው ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ሁለተኛው ቆሞ ይጽፋል፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ተምረዋል። በሽተኛ ግን ዲግሪ አያነብም፤ ፊት ነው የሚያነብበው። ስለዚህ ልጅን በግድ ሐኪም ማድረግ ልጁን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ገና ያልታመሙትንም ሰዎች ይጎዳል።

ስለ ቻቱርም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይስቅበታል። በዩጋንዳ የተወለደ ስለሆነ ሂንዲ በደንብ አይችልም፤ ስለዚህ ንግግር ሲያቀርብ ትርጉሙን ሳያውቅ ሸምድዶ ያነበንባል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ መጨረሻው መዋረድ ይሆናል። ግን እኛ እኮ ባልገባን እንግሊዝኛ የተማርን ነን! የነርሲንግ መጽሐፍ ገጽ በገጽ በቃላችን ይዘን፣ ትርጉሙ በኋላ በሥራ ላይ የገባን ስንቶች ነን? ዛሬም በየክፍሉ ያሉ ልጆች በማይገባቸው ቋንቋ የተጻፈ ነገር እየሸመደዱ ነው። ስለዚህ የልጅ ልጄ በቻቱር ሲስቅ እኔ ሙሉ ለሙሉ ልስቅበት አልቻልኩም። ደስ ያለኝ አንድ ነገር ግን አለ፤ ሦስቱ በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ ቢጣሉም ቻቱርን ከመኪናው አውርደው ጥለውት አይሄዱም። እስከ ላዳክ አብሯቸው ይደርሳል።

ይህ ለእኔ ፊልም ብቻ አይደለም። በአገራችን የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ እኔ አዲስ ተመራቂ ሆኜ ሰሜን ሸዋ ተመድቤ ነበር። ለክትባት ወደ መንዝ ስንወጣ በአንድ ላንድሮቨር ውስጥ ሦስት ነበርን። ሹፌሩ ወሬ የሚወድ፣ በየከተማው ዘመድ ያለው፣ ሲነዳ የሚዘፍን ሰው ነው። ሳኒታሪያኑ ደግሞ ዝምተኛ ሆኖ መመሪያውን ከእጁ የማይለይ፣ የክትባቱን ብልቃጥ ጠዋት ቆጥሮ ማታ የሚደግም ነው። ሹፌሩ «ቆጣሪው» ይለው ነበር። እኔ መሃል ተቀምጬ አስታርቃለሁ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል፤ ሳኒታሪያኑ ስለዚህ የበረዶ ሣጥኑን ክዳን ማንም እንዲነካው አይፈቅድም ነበር።

አንድ ቀን ዝናብ መጣና መኪናችን ጭቃ ውስጥ ገባ፤ መንገድ ላይ አደርን። ሹፌሩ የገዛውን ሥጋ እንዳይበላሽ ሣጥኑ ውስጥ ላስቀምጥ አለ። ሳኒታሪያኑ አንድ ቃል ሳይናገር ሄዶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ፤ እንደተቀመጠም አደረ። ሲነጋ የአካባቢው ገበሬዎች በበሬ ጎትተው አወጡን። ቀበሌው ስንደርስ በረዶው ገና አልሟሟም ነበር፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በዛፍ ሥር ይጠብቁናል። ስንመለስ ሹፌሩ «ቆጣሪው ከፊት ይቀመጥ» አለ። ከዚያ በኋላም ሥጋውንና ወሬውን ይዘው አንድ ሣህን ላይ ሲበሉ አይቻቸዋለሁ። እንደ ራንቾ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እንደ ሹፌሩ የሚያስቅም ያስፈልጋል። ግን ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያድርም ሰው ባይኖር እነዚያ ልጆች ከኩፍኝ አይድኑም ነበር። ቤታችሁ ውስጥ ሽምደዳ የሚወድ፣ ሥርዓት የሚወድ ልጅ ካለ አታሹፉበት፤ እሱም ወንበር አለው።

አሁን ደግሞ እንደ ነርስ ሦስት ማሳሰቢያ። ፊልሙን ከልጆች ጋር ስታዩ እነዚህ ቦታዎች ላይ አቁማችሁ ብትነጋገሩ መልካም ነው።

የመጀመሪያው የቻቱር ንግግር ነው። ጓደኞቹ በተንኮል «ተአምር» የሚለውን ቃል «አስገድዶ መድፈር» በሚል ቃል ይቀይሩበታል፤ አዳራሹም በሳቅ ይፈርሳል። የተደፈሩ ልጆችን በሌሊት ተቀብሎ ልብሳቸውን በጥንቃቄ ያወለቀ ሰው በዚህ ሊስቅ አይችልም። ለልጅ ልጄም ይህንኑ ነገርኩት። ልጆቻችሁ ሲስቁ አትቆጧቸው፤ ግን ቃሉ ምን እንደሆነ ንገሯቸው። በዚያው ላይ የተደፈረ ሰው ሳይታጠብ፣ ቢቻል በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ እንዳለበት አብራችሁ አስተምሩ። ከኤች አይ ቪና ካልተፈለገ እርግዝና የሚከላከለው መድኃኒት በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው የወሊዱ ትዕይንት ነው። ዝናብ ይጥላል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ መብራት ጠፍቷል፤ የቫይረስ ልጅ ምጥ ላይ ናት። ልጆቹ በቪዲዮ ከሐኪም ምክር እየተቀበሉ በቤት መጥረጊያ ማሽን ሕፃኑን ስበው ያወጡታል። የልጅ ልጄ ወደ እኔ ዞሮ «እማማ፣ ይቻላል?» አለኝ። በቫኩም ማዋለድ እውነተኛ ነገር ነው፤ በጤና ጣቢያዎቻችንም የሠለጠኑ ባለሙያዎች ይሠሩታል። ግን መሣሪያው የሚስብበት ኃይል የሚለካ ነው፤ የማህፀኑ በር ሙሉ በሙሉ መከፈቱ፣ የሕፃኑም ጭንቅላት መውረዱ ይረጋገጣል፤ ጥቂት ጊዜ ተስቦ ካልመጣ ይቆማል። የቤት ማሽን ይህን አያውቅም፤ የሕፃኑን ጭንቅላት ሊያደማ ይችላል። ፊልሙ ላይ ሕፃኑ መጀመሪያ አያለቅስም። እኛ እንዲህ ሲሆን በንጹሕ ጨርቅ እናደርቀዋለን፣ ጀርባውን እናሻለን፣ ካልተነፈሰ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳታልፍ በማስክና በፊኛ አየር እንሰጠዋለን። ስለዚህ በፊልሙ ሳቁ፤ ነፍሰ ጡር ሲኖራችሁ ግን ምጥ ከመምጣቱ በፊት መኪናውን አዘጋጁ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደው ነው። አንድ ተማሪ ሥራውን በጊዜ ስላላስረከበ ዲግሪውን ይከለከላል፤ ራሱን ያጠፋል። ራጁም ጓደኛውን ከመክዳትና ከኮሌጅ ከመባረር አንዱን ምረጥ ሲባል ከመስኮት ይወረወራል። ራጁ ይድናል፤ ጓደኞቹም አልጋው አጠገብ ሆነው ሲያስቁት ይነቃል። በእውነተኛው ዓለም ከእንዲህ ያለ ነገር የሚመለሰው ሁሉም አይደለም፤ የተመለሰውም በቀልድ ብቻ አይድንም። ወላጆች፣ ልጃችሁ መብላትና መተኛት ከተወ፣ ይወደው የነበረውን ነገር ከጠላ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረ፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችኋል» ካለ፣ በጎን ተቀምጣችሁ በግልጽ ጠይቁት። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል የሚል ፍርሃት አለ፤ አያስገባም። ይልቅ ብቻውን የተሸከመውን ለማውረድ በር ይከፍትለታል። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አትተዉት፤ አቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጸበልም ጸሎትም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። አስቡት፤ ከመቶ ልጆች 96ቱ ወይም 97ቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳያመጡ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። የእኛ የወላጆች ሐሳብ ሁሉ በሦስቱ ላይ ከሆነ፣ የተቀሩት ልጆች የማን ልጆች ናቸው? ሌላ መንገድ አለ ብለን ማሳየት ያለብን ውጤቱ ከመጣ በኋላ አይደለም፤ ከመምጣቱ በፊት ነው።

የሰፈራችን ስም ራሱ ይህን ያስተምራል። ዊንጌት የሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን በ1933 ዓ.ም. ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር በጎጃም በኩል ጣሊያንን እየተዋጋ የገባው ነው። ከድል በኋላ በስሙ የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በአገሪቱ ካሉት ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር፤ እዚያ መግባት የአንድ ቤተሰብ ኩራት ነበር። ዛሬ በዚያው ግቢ ልጆች የእጅ ሙያ ይማራሉ። አንዳንዱ ሽማግሌ «ወይ ዊንጌት! ከዚያ ወደዚህ ወረደ» ሲል እሰማለሁ። እኔ ግን በበሩ ሳልፍ መሣሪያ የያዙትን ልጆች ሳይ ወረደ አልልም። መብራት ሲቃጠልብን፣ ቧንቧ ሲፈነዳብን፣ መኪና ሲቆምብን የምንጠራው ማንን ነው? በፊልሙም መጨረሻ ላይ ሦስቱ መንገደኞች ያን ሁሉ ተራራ አቋርጠው ራንቾን የሚያገኙት በቢሮ ወንበር ላይ አይደለም፤ ልጆች በእጃቸው ማሽን እየሠሩ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ራንቾም የሀብታሙ ልጅ ሳይሆን በሰው ስም የተማረ የአትክልተኛ ልጅ እንደነበረ የምናውቀው በመንገድ ላይ ነው። የእውቀት ሁሉ ባለቤት የሆነው ሰው ዲግሪው እንኳ በራሱ ስም አይደለም።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። እኔም ልጆቼን ሳሳድግ ብያለሁ፤ የልጅ ሐሳብ ምክር እንደሚያስፈልገው ዛሬም አምናለሁ። ግን ሊጡን ነጥቆ መጋገርና አጠገቡ ቆሞ ውኃው በዛ፣ ዱቄት ጨምር ማለት ይለያያሉ።

የእኛ ቤት ጉዳይ ገና አላለቀም። ልጄ እሺ አላለም፤ እንቢም አላለም። ፊልሙን ባየን በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ቅዳሜ ልጁን «እስቲ የኮሌጁ ምዝገባ መቼ እንደሆነ አብረን እንጠይቅ» ሲለው ሰማሁ። ልጁም አባቱን «ለዩኒቨርሲቲውም እኮ አጠናለሁ» አለው። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ተጠጉ። ፈተናው እስኪደርስ ጊዜ አለ፤ እናንተም ጊዜ አላችሁ። በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡን ሰብስቡ፣ ስልኩን አስቀምጡ፣ ፊልሙን ክፈቱ። ሲያልቅ ልጃችሁን «አንተስ ያልላክኸው ደብዳቤ አለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከጠየቃችሁ በኋላ ግን መልሱን ጨርሶ እስኪናገር ድረስ ቡናችሁን እየጠጣችሁ ጠብቁት።